የውሮ ሌሊቶች

በ1994 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሽሮ ሜዳ የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ ዕቃ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ነበረች። አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ እማማ አልኳቸው። የዓመት ጤፋቸውን በጆንያ በጆንያ አድርገው የሚደረድሩት እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የኔዋ ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ ደግሞ ተገጣጥሞ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ላዩን ኖራ ተቀብቷል። ቀን ቀን ደስ የምትል ቤት ነበረች። ማታ መብራት ሳጠፋ ግን አይጦቹ ከጤፉ ተነስተው ኮርኒሱ ላይ ይወጣሉ። ሲሯሯጡ ከረጢቱ በእግራቸው ልክ ረገብ ቀና ይላል፤ አቧራውም ፊቴ ላይ ይረግፋል። ጠዋት ክፍል ገብቼ ስልሳ ልጅ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ዐይኔ ደም መስሎ መግባት የየዕለት ነገር ሆነ።

መርዝ ላድርግ ብዬ እማማን ጠየቅኳቸው። «በልቶ ጤፌ ውስጥ ገብቶ ይሙትብኝ? ቆይ ልጄ፣ እኔ መላ አለኝ» አሉ። በሳምንቱ ሱሉልታ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲመለሱ አንዲት ትንሽ ጆንያ ይዘው መጡ። ድመት የመጣችበትን መንገድ ካየች ተመልሳ ትሄዳለች ስለሚባል እንጦጦን ያሻገሯት አፉን አስረው ነው። ወለሉ ላይ አስቀምጠው ሲፈቱት መጀመሪያ የወጣው ጢሟ ነው፤ ቀጥሎ ግራጫ ዥጉርጉር ጭንቅላት፤ ከዚያ ጆሮዎቿ አንዱ ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ዞሩ። ገና ሙሉ ሰውነቷ ሳይወጣ የአይጦቹን ድምፅ ሰምታለች። እማማ «ውሮ ትሁን» አሉ፤ ውሮ ሆነች።

ስትመጣ ጡት ከጣለች ብዙም አልሆናትም ነበርና አይጥ ለመያዝ ገና ነበረች። አይጦቹ ግን ይህን አላወቁም። ሽታዋ ብቻ በቃቸው። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ኮርኒሱ ላይ ያለው ሩጫ ጠፋ፤ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኛሁ። እሷም እግሬ ስር ጥቅልል ብላ ትተኛለች። በእንጦጦ ግርጌ የኅዳር ውርጭ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ እግሩ ስር የተኛች ድመት ምን ያህል ሀብት እንደሆነች ይረዳኛል።

ደህና እንቅልፍ የተኛሁበት ጊዜ ግን አጭር ነበር። ውሮ ጠንከር ስትል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መነሳት ጀመረች።

አነሳሷ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ደረቴ ላይ ትወጣና ዝም ብላ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ብነቃም ዐይኔን አልገልጥም፤ እሷም እንደነቃሁ ታውቃለች። ቀጥላ ጢሟን ጉንጬ ላይ ታስጠጋለች፤ እስትንፋሷ ይሰማኛል። ካልተንቀሳቀስኩ መዳፏን ታነሳለች፤ ጥፍሯን ሰብስባ፣ ለስላሳውን ብቻ፣ የዐይኔ ቆብ ላይ ታሳርፋለች። ይህን የምታደርገው እንደ ሐኪም ተጠንቅቃ ነው። ከዚያም ካልተነሳሁ ወርዳ በጋቢው ውስጥ የእግሬን ጣት ታድናለች፤ ያኔ ጥፍሩ ይወጣል። መጨረሻ ላይ መደርደሪያው ላይ ትወጣና የቡና ሲኒዎቼን አንድ በአንድ ወደ ጠርዙ ትገፋለች። ሲኒ ገፋ አድርጋ ትቆምና ታየኛለች። ደግሞ ገፋ።

ሰው የመሰለውን መከረኝ። አንዱ ውኃ ርጪባት አለ። ሌላዋ መታ መታ አድርጊያት፣ ትፈራለች አለች። ብዙዎቹ ግን «ማታ ማታ አውጫት» ነበር የሚሉት። ማውጣቱ አይሆንም ነበር። እዚያ ሰፈር ሌሊት ጅብ ከእንጦጦ ጫካ ወርዶ እስከ አጥራችን ይደርሳል፤ ጩኸቱን ተኝተን እንሰማዋለን። ውሾቹም በመንጋ ነው የሚሄዱት። አንዲት የጥቂት ወር ድመት እዚያ ጨለማ ውስጥ ጥሎ በር መዝጋት እኔ የምችለው ነገር አልነበረም። ስለ መምታቱም እማማ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነበራቸው። «ድመት እንደ ውሻ አይደለችም፤ ከመታሻት ምን እንዳጠፋች አይገባትም፤ የሚገባት አንቺ ክፉ እንደሆንሽ ብቻ ነው» አሉኝ። ዛሬም ድመት ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ሳይ የምለው ይህንኑ የእሳቸውን ነው።

የነገሩን ሥር ያሳየኝ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ይማር የነበረ አብሮ አደጌ ነው። ለገና ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና እየጠጣን ስነግረው ሳቅ ብሎ፣ «እሷ እኮ ሥራ ገብታ ነው» አለኝ። ድመት የሌሊት አውሬ ናት የሚባለው ልክ አይደለም አለ። ዋናው ሰዓቷ ሲመሽና ሊነጋ ሲል ነው፤ አይጥ ከጉድጓዱ የሚወጣበትና የሚመለስበት፣ ወፍም የምትነቃበት ሰዓት። ዐይኗ ለሰው ለማየት ከሚያስፈልገው ብርሃን አንድ ስድስተኛው ገደማ ይበቃታል፤ ስለዚህ ለኛ ድቅድቅ የሆነው 10 ሰዓት ለእሷ ወገግ ያለ ነው። ቀኑን የምታሳልፈው በመተኛት ነው፤ ድመት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ያን ሁሉ እንቅልፍ ለዚያች ለአደኗ ሰዓት ታጠራቅመዋለች። «ኮርኒሱ ላይ አይጥ የለም፤ ሜዳ የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንቺን ታድናለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ድመትን በሌላ ዐይን ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁትንም ሁሉ አነበብኩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ የሰውና የድመት አጽም ተጠጋግተው ተቀብረው ማግኘታቸውን ሳነብ ልቤ ደስ አለው። ቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት አልነበራትም፤ ያቺን ድመት ሰው ነው በጀልባ አሳፍሮ የወሰዳት። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረመል ጥናት ደግሞ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ዘራቸው ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳየ። እዚያ ሰው እህል ማምረትና ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ ድመትም አይጡን ተከትላ መጣች። ማንም አላሰራትም፣ ማንም አልጠመዳትም። ይህን ሳነብ ዐይኔ ላይ የመጣው የእማማ ዕቃ ቤት ነው። ውሮ እኛ ዘንድ የገባችው ዘመዶቿ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በመጡበት በዚያው በር ነው፤ በእህሉ በኩል። ሰዓቷንም ከዚያው ይዛው መጥታለች፤ እኔ ልቀማት የምችለው ነገር አይደለም።

አብሮ አደጌ የነገረኝ መላ ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የድመት ነገር ተከታትሎ ነው የሚሄደው፤ ታድናለች፣ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ትተኛለች። ስለዚህ አደኑን ወደ ማታ አምጪው አለኝ። ከመተኛትሽ በፊት በደንብ አሯሩጫት፤ የመጨረሻውን ምግቧን ከዚያ በኋላ ስጫት፤ ቀሪውን እሷ ራሷ ትጨርሰዋለች።

የሚታደነውን ነገር የሰጡኝ ጎረቤታችን ሸማኔው ናቸው። ዶርዜ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ሲሸምኑ ይውላሉ። ከቀለም ጥለት የተቆረጠች ጫፍ በረጅም ማግ አስረው ሰጡኝ፤ ቀይና አረንጓዴ ነበረች። ማታ ደብተር አርሜ ስጨርስ ያቺን ጥለት ወለሉ ላይ እጎትታለሁ። ከአልጋው ስር አስገብቼ ዝም አደርጋታለሁ፤ ከዚያ ጫፏን ብቻ ነቅነቅ። ውሮ ሆዷን መሬት አስነክታ ታደባለች፤ ዐይኗ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፤ ከመዝለሏ በፊት ዳሌዋን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። ትዘላለች፣ ትስታለች፣ እንደገና። አብሮ አደጌ ያስጠነቀቀኝን አንድ ነገር አልረሳሁም፤ በመጨረሻ እንድትይዘው መተው አለብኝ። ሳትይዝ የቀረች ድመት አደኗ አላለቀም። ስለዚህ በመጨረሻ እለቅላታለሁ፤ ጥለቷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ በኋላ እግሯ እየረገጠች፣ አንገቷን ትነክሳለች። ያኔ ከልኳንዳ የገዛሁላትን ሳንባ አቀርብላታለሁ። በልታ ጢሟን ትጠርጋለች፤ ቀጥላ ደረቷን፣ ጎኗን፤ ጅራቷ ጋ ስትደርስ ዐይኗ ይከደናል።

ቀን ቀን ደግሞ እንዳትተኛ ጋሼ ረዱኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ውሮ እሳቸው ቤት ትገባና የጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ጭንቅላቷ አብሮ ይዞራል፤ ሲመለስ ይመለሳል። ማንም ሰው የሸማኔን ሥራ እንደዚያ ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም። ጋሼም ማጉ ያለቀበትን ባዶ ቀሰም ይወረውሩላታል፤ ግቢውን ሙሉ እያሯሯጠችው ትውላለች። አንድም ቀን ድሩን አልነካችባቸውም፤ ይህን ሁልጊዜ እያደነቁ ይናገሩላት ነበር።

ዋናው ፈተና 10 ሰዓት ላይ አለመነሳት ነው። ማታ ብትጫወትም ብትበላም፣ መዳፏን ዐይኔ ላይ ማሳረፉን ለምዳለችና ወዲያው አልተወችውም። ከዚህ በፊት ስትቀሰቅሰኝ ተነስቼ እህል ውኃ አቀርብላት ስለነበር እኔን መቀስቀስ የሚያበላ ሥራ መሆኑን ታውቃለች። አሁን ስትነካኝ አልንቀሳቀስም፤ ስትጮህ አልመልስም፤ አልቆጣትምም፤ ለድመት ቁጣም መልስ ነው። ሲኒዎቼን ማታ ማታ በሣጥን አኖራቸዋለሁ። ጩኸቱ ግን መጀመሪያ ባሰበት። ይህንንም አብሮ አደጌ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ሊተው ያለ ልማድ መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ያኔ አንድ ቀን ከተነሳሽ «ለካስ ጠንክሮ መጮህ ነው የሚያስፈልገው» ብላ ትማራለች አለኝ። ከጋሼ የለመንኩትን ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ ተኛሁ። እማማ በግድግዳው በኩል ሰምተው ጠዋት «ልጄ፣ ውሮን አሟታል እንዴ?» አሉኝ። ደህና ናት፣ እያስተማርኳት ነው አልኳቸው። ቁርሷንም ቢሆን ከአልጋ እንደወረድኩ መስጠት ተውኩ፤ ፊቴን ታጥቤ፣ ቡታጋዙን ለኩሼ፣ ሻዬን ጥጄ ነው የምሰጣት። ምግቧ ከኔ መንቃት ጋር ሳይሆን ከቡታጋዙ ሽታ ጋር እንዲያያዝ ነው። ቀስ በቀስ 10 ሰዓት ወደ 11 ሄደ፤ ከዚያ የቁስቋም ማርያም ደወል እስኪሰማ ድረስ አብረን ተኛን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። 55 ቀን። እማማ ቤት ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፤ ሳንባ የምገዛበት ልኳንዳም ዘጋ። ለውሮ የሚደርሳት ሽሮ የነካ እንጀራ ሆነ። ትበላዋለች፤ ድመት ከራባት እንጀራ ትበላለች። ግን አይጠቅማትም። ድመት ሥጋ በል ብቻ ሆና የተፈጠረች ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፣ ከአትክልትና ከእህልም አታገኘውም። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዐይኗና ልቧ ይጎዳል፤ የልቡ ነገር በሳይንስ የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ይህን ያኔ አላውቅም፤ ያየሁት ተመልሳ 10 ሰዓት ላይ መነሳቷን ነው፤ አሁን ደግሞ ጩኸቷ የጨዋታ አልነበረም። ረሀብ ነው። ለረሀብ ጥጥ ጆሮ ውስጥ አይወተፍም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እሷን ለመክሰስ የተነገረ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አዝንላታለሁ። መመንኮሱን ማን ጠየቃት?

ፊት ለፊታችን ሙስሊም ጎረቤት ነበሩን፤ እትዬ ነው የምላቸው። ግቢያቸውን ሳልፍ ውሮ ተከትላኝ ጮኸች። አይተዋት፣ «ይቺ የእማማ ድመት ጎኗ ገባ፤ ምን ሆነች?» አሉኝ። ጾሙ ነው አልኳቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በማግስቱ ትንሹ ልጃቸው በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዞ መጣ፤ ከእነሱ ሥጋ ቤት የተገኘ የጉበትና የሳንባ ቁርጥራጭ። እስከ ፋሲካ ድረስ አላቋረጡም። እማማ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ በኋላ ልጁን ዳቦ ሳያስይዙት አይመልሱትም ነበር። እኔ ደግሞ ጉበቱንና ሳንባውን አጥቤ፣ በትናንሽ ብርጭቆ ከፍዬ፣ የማታውን ከፍ አደርገዋለሁ። የሰዓቱ ነገር እንደገና ተስተካከለ።

ፋሲካ እንዳለፈ የሰማሁት ጩኸት ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። ሕፃን ልጅ የሚያለቅስ የሚመስል፣ ረጅም፣ ከሆዷ የሚወጣ። ወለሉ ላይ ትንከባለላለች፤ ጀርባዋን ስነካት ኋላዋን ከፍ ታደርጋለች። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ የወንዶቹ ድመቶች እግር ይንኳኳል፤ ይጣላሉ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳል። ይህንን በጥለትም በሳንባም መመለስ አይቻልም። አብሮ አደጌን ስጠይቀው ካልጸነሰች በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይመለስባታል አለኝ፤ ደግሞም ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ በሆነበት እንደኛ ባለ አገር ወቅት አይጠብቅም። ማስመከን መፍትሔው ነበር፤ እኔም ዛሬ ድመት ላለው ሰው ሁሉ የምመክረው እሱን ነው። ያኔ ግን ለሰፈራችን ሩቅ ነገር ነበር፤ እማማም «አንዴ ትውለድ፤ አይጥ ያስመረረው ሰው ብዙ ነው» አሉ። ሌሊቱን በሩን ሳልከፍት ማሳለፌ አላስጣለም፤ ቀን ጋሼ ጋ ስትሄድ የሆነው ሆነ።

ወደ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ቆይታ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የድሮ ነጠላዬን ባነጠፍኩበት ካርቶን ውስጥ አራት ወለደች። ሊመጡ ሲሉ ደረቴ ላይ ወጥታ መዳፏን ዐይኔ ላይ አሳረፈች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ተነሳሁ። ወደ ካርቶኑ ሄዳ ዞራ አየችኝ፤ አጠገቧ እስክቀመጥ ድረስ አልተኛችም። ያን ሌሊት እንድነሳ የፈለገችው ለምግብም ለጨዋታም አልነበረም፤ እኔም እስኪነጋ እጄን ከላይዋ አላነሳሁም። አይጥ የሚያህሉ፣ ዐይናቸው ያልተከፈተ፣ እርጥብ ነገሮች አንድ በአንድ ስትልስ አየሁ። ከወለደች በኋላ ለሳምንታት ከካርቶኑ አልራቀችም፤ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ተኝቼ አላውቅም።

ልጆቹ ሁለት ወር ሲሞላቸው ተከፋፈሉ። አንዷ ከእማማ ጤፍ ጋር ቀረች። አንዷን ጋሼ ወሰዷት። አንዱ ስድስት ኪሎ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሄደ። እናቱን በጾም ያበሉት እትዬ ደግሞ ዥጉርጉሩን ወንድ መረጡ። ለሁሉም ከጋሼ ጥለት እያስቆረጥኩ ሰጠሁ፤ ማታ እንዲያጫውቱ፣ ከጨዋታው በኋላ እንዲያበሉ፣ ሌሊት እንዳይመልሱ አስረዳሁ።

ከእትዬ በቀር ሁሉም አደረጉት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ረመዳን ገባ። ደጅ ላይ ሳገኛቸው፣ ድመቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደረታቸው ላይ እየወጣ እንደሚቀሰቅሳቸው ነገሩኝ። ጥለቷስ አልኳቸው። ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋታል። «ሱሑር ሊያልፈኝ ሲል እሱ ነው የሚደርስልኝ፤ ሰዓቱን መሙላት ትቻለሁ» አሉኝ። ረመዳን ሲወጣ ግን ያስቸግርዎታል፣ ከአሁኑ ጀምረው ያስለምዱት ብዬ መምከር ጀመርኩ። እትዬ ድመቱን ከእግራቸው ስር አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ተይው የኔ ልጅ፤ ረመዳን ቢወጣ ሱብሒ አለብኝ» አሉኝ።